ያልታሰረ ብሎን

ኮተቤ ውስጥ ጋሽ አምባዬን የማያውቅ መምህር ካለ ወይ አዲስ ቅጥር ነው፣ ወይ ውሸታም ነው። ሠላሳ አራት ዓመት መምህራንን ሲያሠለጥኑ ኖረው ጡረታ ሲወጡ እንደ እኩዮቻቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ዳማ መጫወት አልፈለጉም። አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝተው ሳሎኑ ጥግ ላይ አስቀመጡና መጽሐፍ መጻፍ ጀመሩ።

መጽሐፉ የስም መጽሐፍ ነበር። ከየካ ተራራ እስከ እንጦጦ ራጉኤል ድረስ ያለው ምንጭ፣ ገደል፣ ጉብታ፣ ለብቻው የቆመ ጥድ ሳይቀር ድሮ ስም ነበረው። ስሙን የሚያውቁት ግን አዛውንቶች ናቸው፤ አዛውንቶቹም አንድ በአንድ እያለፉ ነበር። ጋሽ አምባዬ ዱላቸውን ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ በዘጠኝ ዓመት አራት መቶ ስድስት ስም ሰበሰቡ። ዓይናቸው በግላኮማ እየደከመ ስለነበር ፊደሉን በጣም አግዝፈው፣ በሁለት ጣት፣ አንዱን ገጽ ለሳምንት ይጽፉታል።

ይህ ሁሉ ድካም ያለው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። በእጅ የጻፉትን ማስታወሻ ወደ ኮምፒውተሩ ካስገቡ በኋላ ቀዳደው ይጥሉታል፤ ሁለት ቦታ የተጻፈ ነገር ኋላ እርስ በርሱ ይጣላል ባይ ናቸው። በፍላሽ እንዳይገለብጡት ደግሞ አንድ ጊዜ ከፎቶ ኮፒ ቤት የመጣ ፍላሽ ፋይሎቻቸውን በሙሉ የማይከፈት ሾርትከት አድርጎባቸው ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። ከዚያ ወዲህ ፍላሽን እንደ ሰፈር ውሻ ነው የሚያዩት፤ የት የት ሲዞር እንደዋለ አይታወቅም ይላሉ። ስለዚህ ፍላሽ የሚባል ነገር እዚያ ቤት ደጃፍ አያልፍም።

በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ። ቁልፉን ሲጫኑት ውስጡ ያለው ማራገቢያ ይዞራል፣ ሦስት ጊዜ ረዘም አድርጎ ይጮኻል፣ ከዚያ ዝም። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ጋሽ አምባዬ ሆስፒታል ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊቱ ተቀመጡ።

ልጃቸው ጸጋ ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ከአባቷ ጋር ብቻዋን የምትኖር፣ ጉርድ ሾላ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል የምትሠራ፣ ከሰው ጋር መጋጨት የማትወድ ልጅ ናት። መጋጨት አለመውደድ ጥሩ ጠባይ ይመስላል፤ እሷም ጥሩ ጠባይ ይመስላት ነበር። ከቢሮዋ ፊት ለፊት ወዳለው የአቶ ጠሀ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ቁጥሩን ፈልጋ ደወለች። ሰዓት ሳይሞላ የጠሀ የወንድም ልጅ ሬድዋን ቦርሳውን በትከሻው አንጠልጥሎ መጣ።

ሲፒዩው የጸጋ እናት በሠሩት ነጭ ዳንቴል የተሸፈነ ነበር። ሬድዋን እጁን ወደ ዳንቴሉ ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበውና «ላንሳው?» ብሎ ጠየቀ። እሺ ሲባል አነሳው፣ ለአራት አጥፎ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በፊት የመጡ ቴክኒሻኖች ሁሉ ዳንቴሉን ወለል ላይ ነበር የሚጥሉት። ጸጋ ይህን ስታይ የልጁን ፊት ደግማ አየችው። ጠይም፣ ቀጭን፣ ሲያስብ የታችኛውን ከንፈሩን የሚነክስ ነው።

በካቻቢቴ ጎኑን ከፈተና ጣት የሚያህል ስስ ነገር መዝዞ አወጣ። ራም ነው አለ፤ አቧራ ይዞት ከቦታው ጋር አልነካካ ብሎ ነው።

«ላጲስ ይኖራችኋል?»

በአስተማሪ ቤት ላጲስ አይጠፋም። ሬድዋን የራሙን ጥርስ በላጲስ ፈግፍጎ እፍ አለበትና መልሶ ሰካው። ኮምፒውተሩ ተነሳ። ጋሽ አምባዬ ዕድሜ ልካቸውን ላጲስ ሲያድሉ ኖረው ይህን አለማወቃቸው አስቋቸው እንባቸውን ጠረጉ። ሬድዋን ከመሄዱ በፊት ጽሑፉን ሌላ ቦታ ልገልብጥልዎ ብሎ ለመናቸው። ጋሽ አምባዬ ስለ ፍላሽ ያላቸውን አስተያየት በሰፊው አስረዱት፤ ልጁም በትሕትና ሰምቶ ተወው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ኮምፒውተሩ ያንኑ አመል አወጣ፤ ሬድዋንም ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ጊዜ ሻይ ጠጣ። ወላጆቹ ወራቤ እንዳሉ፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ አጎቱ ዘንድ መጥቶ የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታ እንዳደገ ነገራቸው። ሥራውን ሲጨርስ ግን የጎኑን ክዳን እንዲያው ገጠመው እንጂ አላሰረውም፤ ጽሑፉ ሁሉ ከሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ ለማጽዳት የፈታቸውንም ብሎኖች ትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ ጠቅልሎ እዚያው አስቀመጣቸው። ጸጋ ለምን አታስረውም ብላ ጠየቀችው።

«እንደገና ልከፍተው አይደል እንዴ?» አለና ሳቀ።

ይህ የሙያው ሰዎች ሁሉ አመል ነው፤ የሚመለሱበትን ዕቃ አያስሩም። ሬድዋን መመለስ የፈለገው ለራሙ ብቻ እንዳልሆነ ግን ከሳቁ ያስታውቅ ነበር። ጸጋ የዚያን ቀን በሩን ዘግታ ስትመለስ የሻይ ብርጭቆውን ቶሎ አላነሳችውም።

በሦስተኛው ጊዜ ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም ነበር።

ጋሽ አምባዬ ቤተ ክርስቲያን እንደሄዱ ጸጋ ዳንቴሉን አነሳች፣ ያልታሰረውን ክዳን ከፈተች፣ ራሙን ጥፍር በምታህል ልክ ወደ ላይ ሳብ አድርጋ መልሳ ዘጋችው። አባቷ ሲመለሱ «ደግሞ እምቢ አለ» አለቻቸውና ራሷ ደወለች። አራተኛውም አምስተኛውም እንደዚሁ ሆነ።

ጋሽ አምባዬ ልጁን ወደዱት። አንድ እሑድ ሬድዋን ክንዳቸውን ደግፎ ዳገቱን አወጣቸውና ሦስት ዓመት ሲፈልጉት የነበረውን አንድ የደረቀ ምንጭ ባሕር ዛፍ መሐል አገኙት። ማታ ሲመለሱ እምነት የሚጣልበት ልጅ ነው አሉ። ቀጥለውም፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ የጠሀ ቤተሰቦች ጨዋ ሰዎች መሆናቸውን፣ እነሱም በሃይማኖታቸው እኛም በሃይማኖታችን ተከባብረን መኖራችንን ተናገሩ። ጸጋ ነገሩ ገብቷታል። ወጡን ማማሰሏን ቀጠለች።

መጋቢት ላይ ሁለቱ ብቻቸውን እንጦጦ ወጡ። ከተማው ከታች ጉም ለብሷል። ሬድዋን ድንጋይ ላይ ተቀመጠና፣

«የአባትሽ ኮምፒውተር ግን በጣም ይወደኛል» አለ።

«አርጅቶ ነዋ።»

«ራሙ ሎሽን ሎሽን ይሸታል፣ ጸጋ።»

ጸጋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሬድዋን ነጠላውን ቀስ ብሎ ገለጠውና አያት። እሱ ያያት አስተያየት ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ያን ቀን እንደሚወዳት ነገራት፤ እሷም መለሰችለት። በሕይወቷ ሳትፈራ የተናገረችው አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ሲወርዱ ግን አንድ ነገር አስጠነቀቃት፤ ከእንግዲህ መደወል ብቻ ይበቃል፣ እጅሽን አታስገቢ፣ የግድ ካልሽም ሶኬቱን ሳትነቅይ እንዳትነኪው፣ ከራሙ ሌላ ደግሞ ምኑንም አትንኪ አላት። እሺ አለች።

ከዚያ በኋላ ለአራት ወር ያህል መገናኛና ጉርድ ሾላ ያሉትን ሻይ ቤቶች አዳረሷቸው። ሬድዋን መደበቁ አልሆነለትም። አባቷ ፊት ቀርቦ መናገር ይፈልጋል፤ ቢቆጡም ከእኔው አፍ ይስሙት ይላል። ጸጋ ደግሞ ዛሬ ዓይኑን አሞታል፣ ሳምንት ጾም ነው፣ መጽሐፉን ይጨርስና እያለች ቀን ትቆርጣለች፤ የቆረጠችው ቀን ሲደርስ ሌላ ትቆርጣለች። ሐምሌ ላይ ሬድዋን ሰለቸው። ስትነግሪያቸው መልእክት ላኪልኝ ብሏት ስልክ ማንሳት ተወ።

ስምንት ቀን ታገሠች። በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አባቷ መኝታ ቤት ጋደም እንዳሉ ኮምፒውተሩ ፊት ቆመች። ራሙን ብስበው ማስተካከያውን ለአባዬ በስልክ ነው የሚነግረው ብላ አሰበች፤ ራሱ እንዲመጣ ከበድ ያለ ነገር ያስፈልጋል። ሬድዋን ሲሠራ ያየችው፣ ሃርድ ዲስኩ ላይ የሚገባው ገመድ ትዝ አላት።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ስክሪኑ ጨልሟል። ጋሽ አምባዬ ግን አላጠፉትም ነበር፤ ስክሪኑ ብቻ በራሱ ጊዜ ጨልሞ ውስጡ ይሠራ ነበር፤ የማራገቢያውን ድምፅ ደግሞ ዝናቡ ውጦታል። ጸጋ ሲፒዩውን ወደ ራሷ አዘንብላ ገመዱን ሳበችው። ገመዱ አልላቀቅ አለ። ጠበቅ አድርጋ ስትስበው ሃርድ ዲስኩ ራሱ ከነገመዱ ከመደርደሪያው ተንሸራትቶ ወጣና ሲሚንቶው ላይ አረፈ። የያዘው ብሎን አልነበረም።

«ወይኔ» አለች። አንሥታ መልሳ ሰካችው። አጥፍታ ስታበራው ሦስቱ ጩኸት አልመጣም። ከውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ።

ሬድዋን በማግሥቱ ጠዋት መጣ። የጠሩት ጋሽ አምባዬ ናቸው። ክዳኑን ከፍቶ ዲስኩን አወጣ፣ ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠው፣ ጥጉ ላይ ያለውን ጭረት በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ቀና ብሎ ጸጋን አያት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያያት፤ ያቺ አንዲት እይታ ሁሉን ነገር ጠየቀች፣ መልሱንም አገኘች። ጸጋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ ጋሽ አምባዬ።

«ዲስኩ ከቦታው ወጥቶ ተመትቷል፣ ጋሼ።»

«ማን አወጣው?»

ጸጋ አፏን ከፈተች። ልትናገር ነበር፤ እስከ ዛሬም ልናገር ነበር ትላለች። ነገር ግን የአባቷን ፊት ስታይ አፏን መልሳ ገጠመች። ሬድዋን ጥቂት ጠበቃት። መጠበቁን እሷም አውቃለች።

«ብሎኑን ሳላስር ትቼው ነበር» አለ በመጨረሻ። «አስሬው ቢሆን ከቦታው አይወጣም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ጋሽ አምባዬ አልጮኹም። ዘጠኝ ዓመት አሉ፣ ደገሙት፣ ከዚያ በሩን በዱላቸው አሳዩት።

ሬድዋን ዲስኩን ይዞ ያልሄደበት የለም። ከሞተ ዲስክ ፋይል ያወጣል የተባለ ሰው ሁሉ ዘንድ አደረሰው። የሁሉም መልስ አንድ ነበር፤ ውስጡ ተፍቋል፣ የሚመለስ ነገር የለም። በፖስታ አሽጎ ወደ ጋሽ አምባዬ ቤት መልሶ ላከው።

ወሬው ግን ከእሱ ቀድሞ ደርሷል። የጋሽ አምባዬን የዘጠኝ ዓመት ሥራ ያጠፋው ልጅ ተባለ። ኮተቤ ደግሞ ሠፈሩ ሁሉ አስተማሪ ነው፣ አስተማሪ ሁሉ የእሳቸው ተማሪ ነው። ሰው ሁሉ ላፕቶፕ ይዞ ወደ ጠሀ ሱቅ መሄድ ተወ። አጎቱ ሬድዋንን አላባረረውም፤ ብቻ ከደንበኛ ፊት ራቅ ብሎ ከኋላ በኩል እንዲሠራ አደረገው።

ጸጋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሱቁ ጀርባ አገኘችው። እንደምትነግራቸው፣ ብቻ ትንሽ እስኪረጋጉ እንደሆነ፣ ሐኪሙ እንዳይበሳጩ እንዳዘዘ አንድ በአንድ አስረዳችው። ሬድዋን እየሰማት አንድ አሮጌ ስልክ ይፈታ ነበር። ፈትቶ ጨረሰና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«እኔ ጥፋቱን የወሰድኩት ለዚያች ደቂቃ ነው» አላት። «በዚያው ማታ ትነግሪያቸዋለሽ ብዬ ነበር።»

«እነግረዋለሁ እኮ እያልኩህ ነው።»

«ጸጋ፣ የአንድ ዕቃ ነገር መንገር ካቃተሽ እኔን እንዴት ነው የምትነግሪያቸው?»

እንባዋ መጣ፤ እሱም እንባዋን ሳይጠርግላት ቆሞ ቆየ። አውቶቡስ ሲያልፍ፣ ሰው ሲጯጯህ፣ ዝናብ ሊጥል ሲል ሁለቱም እዚያው ነበሩ። ከዚያ አጎቱ ጠራውና ገባ።

መስከረም ላይ ወደ ወራቤ መሄዱን የሰማችው ከጠሀ ነው። እዚያ የራሱን ሱቅ ሊከፍት ነው አሉ። ጸጋ ያን ቀን ከሥራ ወጥታ በእግሯ እስከ ቤቷ ሄደች። ዛሬ እናገራለሁ ብላ ገባች። አባቷ የዓይን ጠብታ አድርጊልኝ አሏት፤ አደረገችላቸውና ተኙ። እሷም ተኛች። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ዓመት ተኩል ሄደ። ሰው አንድን ነገር ለመናገር ብዙ ምክንያት አያስፈልገውም፤ ላለመናገር ግን በየቀኑ አዲስ ምክንያት ይወለድለታል። ጸጋ የዚያን ሁሉ ቀን ምክንያት አሳድጋለች።

ጋሽ አምባዬ በመጨረሻ ጨርሶ ማየት ተሳናቸው። የሚያስታውሷቸውን ስሞች እየነገሯት ጸጋ በደብተር መያዝ ጀመረች። ከአራት መቶ ስድስቱ ስልሳ አንድ ላይ ደርሰው ነበር። አንድ ቅዳሜ ለይኩን የሚባል የድሮ ተማሪያቸው ሊጠይቃቸው መጣ። ደብተሩን አገላብጦ አዘነና፣ ያ የጉርድ ሾላው ልጅ ለሠራው ሥራ የእግዜር እጅ ያገኘዋል አለ።

«አዎ፣ ግዴለሽ ልጅ ነበር» አሉ ጋሽ አምባዬ።

ለይኩን እንደወጣ ጸጋ በሩን ዘጋችና እዚያው በሩ ላይ ቆመች። እጇ እጀታው ላይ ነበር። እንዴት እንደጀመረች አታውቀውም።

«አባዬ፣ የጣልኩት እኔ ነኝ። ሬድዋን እንዲመጣ ብዬ ነው። እሱ ምንም አላደረገም።»

ጋሽ አምባዬ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ መለሱ። ቁጣ ጠበቀች። ፊታቸው ላይ ግን ቁጣ አልነበረም፤ የተያዘ ሰው ፊት ነበር።

«ሲወድቅ ሰምቼዋለሁ» አሉ። «ወይኔ ስትዪም ሰምቼሻለሁ። አልጋ ላይ ነበርኩ እንጂ እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር።»

«ታውቅ ነበር?»

«አንቺው ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ። ልጁ የእኔ ጥፋት ነው ሲል ደግሞ እሰየው አልኩ።»

«ለምን አባዬ?»

ጋሽ አምባዬ ዱላቸውን ፈለጉ። አጠገባቸው ነበር፤ አላነሡትም።

«ያን ጊዜ ትንሽ ትንሽ አይ ነበር፣ ልጄ። እሱ ሻይ ሲጠጣ አንቺ እንዴት እንደምታይው አይቻለሁ። በሃይማኖቱ ምክንያት አልሰጥህም ብዬ ላሳፍረው አልፈለግሁም፤ ጥሩ ልጅ ነው። በሌላ ምክንያት እንዲሄድልኝ ፈለግሁ። ምክንያቱን ደግሞ እሱ ራሱ አመጣልኝ።»

ጸጋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ለብቻዋ የተሸከመችው ይመስላት የነበረው ነገር ለካ ሁለት ተሸካሚ ነበረው፤ አልቀለላትም። እንዲያውም ያን ጊዜ ነው የከበዳት። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው አንድን ልጅ ንጹሕ መሆኑን እያወቁ፣ እየተሳሰቡ፣ እየተዋደዱ፣ በየቀኑ አብረው እየበሉ፣ ስሙ ሲጠፋ ዝም ብለው ኖረዋል።

ጋሽ አምባዬ ደውዪለት አሏት። ይቅርታ ብሎሃል በዪው አሉ።

በረንዳ ላይ ወጥታ ደወለች። ቁጥሩ አልተለወጠም። ሁለቴ ጠርቶ አነሳው፤ ከኋላው የሱቅ ጫጫታ ይሰማል። ድምፅዋን እንደሰማ አጠገቡ የነበረን ደንበኛ ይቅርታ ብሎ ወደ ጸጥታ ራቅ ሲል ተሰማት።

«ጋሼ ደህና ናቸው?» ነበር የመጀመሪያ ቃሉ።

«ደህና ነው። ሬድዋን፣ ነገርኩት።»

«መቼ?»

«አሁን። ዛሬ።»

ከኋላው የሱቁ በር ሲዘጋ ተሰማት።

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

ልትዋሽ ትችል ነበር። አልዋሸችም፤ ዘግይታም ቢሆን እውነት መናገር ጀምራለች።

«ያውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

በዚያ በኩል የነበረው ዝምታ ረዘመ። ጸጋ ከወራቤ እስከ ኮተቤ ያለውን መንገድ በሙሉ የሞላው መሰላት።

«ሁለታችሁም ታውቁ ነበር ማለት ነው» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ውስጥ ንዴት የለም። ቢቆጣ ትመርጥ ነበር።

ይቅርታ ጠይቂልኝ እንዳሏት ነገረችው። የራሷንም ጀመረችው፤ እንደናፈቀችው፣ የሚመጣው ቅዳሜ በጠዋት መኪና ልትመጣ እንደምትችል ልትነግረው ነበር። ቀስ ብሎ አቋረጣት።

«ይቅር ብያለሁ በያቸው። ስለደወልሽ አመሰግናለሁ፣ እህቴ።»

ሬድዋን ሱቅ የመጣችን ሴት ሁሉ እህቴ ነው የሚላት። ቻርጀር የምትጠይቀውንም፣ ስክሪን የተሰበረባትንም፣ ዋጋ ጠይቃ የምትሄደውንም። ጸጋ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ብዙ ጊዜ ጆሮዋ ላይ ይዛው ቆመች።

ስትገባ አባቷ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ይጠብቋታል።

«ምን አለ?»

«ይቅር ብያለሁ አለ።»

«ጨዋ ልጅ ነው» አሉ ጋሽ አምባዬ፣ እፎይ ብለው። «ብዬሽ አልነበር? በይ፣ የት ላይ ነበርን?»

ጸጋ ደብተሩን ከፈተች፣ ስልሳ ሁለት ብላ ቁጥሩን ጻፈችና እስኪያስታውሱ ጠበቀች። ጋሽ አምባዬ ብዙ አሰቡ። ስሙ አልመጣላቸውም።